ሳትሞት የተለቀሰላት

እትዬ ዋጋነሽ በለቅሶ ነገር ተሳስታ አታውቅም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ ባለው ሰፈር ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ማን እንደታመመ ላታውቅ ትችላለች፤ ማን እንደሞተ ግን ከሟቹ ቤተሰብ እኩል ታውቃለች። ድንኳኑ በየት በኩል ቢተከል ዝናብ እንደማያስገባ፣ ለምን ያህል ሰው የትኛው ድስት እንደሚጣድ፣ የትኛዋ ሴት ከየትኛዋ ጋር ተኳርፋ አጠገብ ላጠገብ መቀመጥ እንደሌለባቸው፣ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። በሰፈሩ ዕድር የሴቶቹ አለቃ እሷ ናት። ጎረምሶቹ «ጄኔራሏ» ይሏታል፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ ደስ ይላታል። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ጥቁር አውልቃ አታውቅም። መጀመሪያ ለሐዘኑ ነበር፤ ኋላ ግን ለቅሶው አልቋረጥ ሲል ማውለቁ ራሱ አድካሚ ሆነባት።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በሕይወት ላለች ልጅ ድንኳን ያስወጣችው። ወይ ጉድ! ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከእትዬ ዋጋነሽ ጋር በቆርቆሮ አጥር የሚዋሰኑት ማኑሄና ባሏ ኃይለመስቀል ናቸው። አባቶቻቸው ከዳውሮ መጥተው እዚሁ ኮልፌ የከተሙ፣ ማዞሪያው ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው እንኳ ከአጥር የማያልፍ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ፀሎት የምትባል አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ይህችን ልጅ ግማሽ ያሳደገቻት እትዬ ዋጋነሽ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። «እማማ ዋጌ!» እያለች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ትገባለች። እዚያ ቤት የራሷ አረንጓዴ የላስቲክ ኩባያ አላት፤ በሷ ካልሆነ ወተት አትቀምስም። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ሮጣ መጥታ «እማማ ዋጌ፣ ዛሬ ማን ነው የሞተው?» ብላ ትጠይቃለች። አባቷ ቢነግራት አታምንም፤ እናቷ ብትነግራት አታምንም። «እማማ ዋጌ ናት የምታውቀው» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ መክሳት ጀመረች። ሳትወድቅ እግሯ ይበልዛል፤ አፍንጫዋ ከደማ አይቆምም። ወላጆቿ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ከርመው በመጨረሻ ትልቁ ሐኪም ቤት ገቡ። ማኑሄ ከዚያ የተመለሰች ዕለት ቤቷ እንኳ ሳትገባ በቀጥታ የሄደችው እትዬ ዋጋነሽ ዘንድ ነበር።

«እትዬ፣ የደም ካንሰር ነው አሉኝ።»

እትዬ ዋጋነሽ አማተበች። «ስሙን አትጥሪው በናትሽ! ይኼ ነገር ሲጠሩት ይመጣል።»

«መጥቷል እኮ እትዬ» አለች ማኑሄ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። እዚያ ሐኪም ቤት ልጆቻቸው በዚሁ በሽታ የታመሙባቸው ወላጆች ማኅበር አላቸው። አንዷ እናት አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ እጇን ይዛ፣ ሁሉንም አስረድታታለች። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከታከመ የሚድነው ልጅ ብዙ ነው፤ ግን ሕክምናው ረጅም ነው፤ ልጁ ተሻለው ተብሎ ወይም ተሰላችቶ መሀል ላይ መቋረጥ የለበትም። «እና እትዬ፣ ይህችን ሴት እሑድ ዕድር ስብሰባ ላይ ባመጣትስ? ለሰፈሩ ሰው ጥቂት ብታስረዳልኝ? ሰው ልጄን እንዳይሸሽብኝ ፈራሁ።»

እትዬ ዋጋነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ዕድር የለቅሶ ነው የኔ ልጅ፤ የበሽታ አይደለም።»

እንዲህ አለች እንግዲህ። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ግን ፍርሃትስ ቢሆን ከክፋት በምን ይለያል፣ በሩ የሚዘጋበት ሰው እንደሆነ ልዩነቱ አይታየው። በማግስቱ «ዶሮዎቹ እየሾለኩ አስቸገሩኝ» ብላ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ አስመታችው። አረንጓዴዋን ኩባያ በፌስታል ጠቅልላ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠች፤ መኪናው ጭኖ ወደ ቆሼ እስኪሄድ ድረስ ልቧ አላረፈም። ከዚያ ወዲያ እነ ማኑሄ ቤት ዝር አላለችም። መጀመሪያ ሰሞን «ዛሬ ቀብር አለብኝ፣ ነገ እሄዳለሁ» ትል ነበር። ሲቆይ ደግሞ መቆየቱ ራሱ ሌላ ምክንያት ሆነ፤ «እስከዛሬ ሳልሄድ አሁን በምን ዓይኔ?» ትል ጀመር። እሷ የቀረችበትን ቤት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ቀረበት። ጄኔራሏ ያልሄደችበት ማን ይሄዳል?

በዚህ መሀል ልጅቷ አንድ ሰሞን ሐኪም ቤት ተኝታ ከረመች። ወሬው ሰፈር ገባ። ወጥታ ቤቷ መመለሷን ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ከሌለ ማን ያውቃል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዋጋነሽ በሯ ላይ ቆማ ውሃ ትደፋ ነበር። ቀና ስትል ማኑሄ ከማዞሪያው በኩል ብቻዋን ስትመጣ አየች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። ፀጉሯ የለም፤ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግራ ቀኝ ሳትል አልፋ በሯን ከፍታ ገባች፤ ዘጋችው።

እትዬ ዋጋነሽ ክው አለች። በሷ አገር፣ በአባቶቿ ሸዋ፣ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እሷም ባሏ የሞተ ጊዜ ተላጭታለች፤ እናቷም ተላጭታ ነበር። «ሞተች» አለች ለራሷ። «ልጄ ሞተች።»

ማንኳኳት ነበረባት። እናንተም ይህን እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት እርምጃ ተራምዶ በር መደብደብ፣ «ማኑሄ፣ ምን ሆንሽ?» ማለት! ሄዳም ነበር እኮ፤ በሩ ድረስ። እጇንም አንስታ ነበር። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ያልረገጠችው ደጃፍ እሳት ሆነባት። ልጅቷ ታማ ያልጠየቀች ሴት አሁን ምን ብላ ታንኳኳ? እጇን መለሰች። ለቅሶ ግን ሌላ ነው፤ ለቅሶ ብዙ ሆኖ ነው የሚኬደው፤ ብዙ ሰው መሀል ያለ ሰው አይጠየቅም። ስልኳን አውጥታ ወንድዬ ጋ ደወለች።

ወንድዬ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ዘመኑ የስልክ ቢሆንም ጡሩምባውን አልጣለም፤ «በስልክ የተነገረ ሞት አይከብድም» ይላል።

«የኃይለመስቀል ልጅ አርፋለች» አለችው።

«ቤተሰቡ ነገሩዎት?»

«በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርህ! ደሞ በኔ ልትጠራጠር?»

ወንድዬም አልተጠራጠረም። ምን ቆርጦት! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ይኼ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጡሩምባው ተነፋ፤ ከዚያ የወንድዬ ጎርናና ድምፅ በየቅያሱ ገባ፦ «የዕድርተኛችን የአቶ ኃይለመስቀል ልጅ ፀሎት አርፋለችና ዕድርተኛ ሁሉ ውጣ!» ድንኳኑ ከመጋዘን ወጣ። ጎረምሶቹ ቋሚውን ተሸከሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰበሰቡ። እትዬ ዋጋነሽ ከፊት ሆና፣ ደረቷን እየደቃች፣ ወደ እነ ማኑሄ በር አመራች።

«እኔን ያስቀድመኝ! ፀሎቴ፣ አበባዬ! ሳላይሽ! ሳላይሽ ሄድሽብኝ!»

ሳላይሽ ያለችውስ እውነቷን ነው። ያለቀሰችውም ከልቧ ነው፤ የዚያን ዕለት እንባዋ የአዞ አልነበረም፤ ልጅቷን ትወዳት ነበር። ግን ፍቅሯ የወጣው በጡሩምባ ነው። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ቅያሱ በእዬዬ ተናወጠ።

በሩ ተከፈተ።

የከፈተችው ፀሎት ናት። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ በአንድ እጇ የተገመጠ ዳቦ ይዛ። ራሷ እንደ እንቁላል ለስልሷል፤ ቅንድቧ እንኳ የለም፤ ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አንዷ ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ የያዘውን የድንኳን ብረት ለቀቀው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ደነገጠ።

ልጅቷ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች፣ ድንኳኑን፣ ወንድዬ እጅ ላይ ያለውን ጡሩምባ። ከዚያ ዓይኗ እትዬ ዋጋነሽ ላይ አረፈ። እንደ ድሮው፣ ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው፣ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«እማማ ዋጌ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

እትዬ ዋጋነሽ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ያን ሁሉ ሰው ስታስለቅስና ዝም ስታሰኝ የኖረች ሴት፣ «አልሞትሽም» የምትል አንዲት ቃል አጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማኑሄ ከውስጥ ወጣች። የተላጨ ራሷን አልሸፈነችም። ልጇን ወደ ኋላዋ ሳብ አደረገቻትና ሰዉን አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ጡሩምባውን ሰምተነዋል» አለች። «ስሟ ሲጠራ ቁርስ እየበላች ነበር።»

እጇን ወደ ተላጨ ራሷ አነሳች።

«ፀጉሬን የተላጨሁት ለልጄ ነው። በመድኃኒቱ ፀጉሯ አለቀ። እሱ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይበቅላል ብለውናል። ግን ‹እኔ ብቻዬን ለምን?› እያለች ከቤት አልወጣም አለችኝ። አብሬያት ልምሰል ብዬ ዛሬ ጠዋት ማዞሪያው ላይ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ ‹እናቴ፣ ማን ሞተብሽ?› አለኝ። ስንቱን ችዬ ይህቺን አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ መጣሁ። እሱስ አያውቀኝም። እናንተ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ናችሁ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዋጋነሽ ዞረች። «እትዬ ዋጋነሽ፣ ‹ዕድር የለቅሶ ነው፣ የበሽታ አይደለም› ብለውኝ ነበር። ልክ ነዎት። ልጄ ስትታመም የጠፋባችሁ መንገድ ይኸው ለቅሶ ሲባል ተገኘ።»

በሩን ዘጋችው። በኃይል እንኳ አልዘጋችውም።

ሰው እንዴት እንደተበተነ አይነገርም። ነጠላውን ቀና የሚያደርግ፣ ስልክ የተደወለለት የሚመስል፣ «እኔ ድሮም ተጠራጥሬ ነበር» የሚል! ውሸታም ሁላ! ጎረምሶቹ ድንኳኑን ሰብስበው ሲመለሱ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። እትዬ ዋጋነሽን ያናገራት የለም። ብርቱካን፣ የልብ ጓደኛዋ እንኳ፣ አንገቷን ደፍታ አለፈቻት።

ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ምሳ አልበላችም። እፍረት ስትሉ የምትሰሙት ነገር አለ፤ ፊት ሲቀላ፣ አንገት ሲደፋ። የሷ እንዲያ አልነበረም። የሷ ሆዷ ውስጥ ነው የገባው። «ሞቻለሁ እንዴ?» የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ልጅቷ የጠየቀቻት አምናት ነው፤ እሷም ዝም አለች። ዝም ማለት ደግሞ ልጅ ፊት እሺ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ሰማች። ያ ድምፁ ከአጥር የማያልፍ ቤት ዛሬ ድምፁ አለፈ። ተነስታ ቀዳዳው የነበረበት ቆርቆሮ ጋ ጆሮዋን አስጠጋች። አይ ሰው፣ ራሷ ባስመታችው ቆርቆሮ!

«አልሄድም! ሰኞ አልሄድም አልኩ!»

«ፀሎቴ፣ መድኃኒቱ አንድ ቀን ከቀረ ልፋታችን ሁሉ...» የኃይለመስቀል ድምፅ ነው፤ የሚለምን ድምፅ።

«መርፌው ያመኛል! ከሞትኩ ለምን እወጋለሁ?»

«አልሞትሽም የኔ ማር፤ ተሳስተው ነው» አለች ማኑሄ።

«እማማ ዋጌ አትሳሳትም! የሞተውን የምታውቀው እሷ ናት። ጠየቅኳት እኮ፤ አልሞትሽም አላለችኝም!»

ከዚያ ልቅሶ። የልጅ ልቅሶ፤ የሙሾ አይደለም፤ ማንም የማይመራው።

እትዬ ዋጋነሽ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እስካሁን ያፈረችው ለራሷ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል፣ ስሜ ምን ይሆናል፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል እያለች። አሁን ገባት። ልጅቷ ሰኞ ካልሄደች፣ ሌላም ሰኞ ካልሄደች፣ ያኔ ጡሩምባው የእውነት ይነፋል፤ ያስነፋችውም እሷ ትሆናለች። ይህን ደግሞ አባትም እናትም ሐኪምም አይመልሰውም። መሞቷን ያወጀች አፍ ናት መመለስ ያለባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፍ ድረስ ሄዳ ልታመጣው ነው።

ጥቁሯን እንደለበሰች ወጥታ ወንድዬ ቤት ሄደች። ወንድዬ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ሊነሳ ፈልጎ ተወው። እሱም አኩርፏል፤ በሷ ምክንያት ሰፈሩ ሲስቅበት ነው የዋለው።

«ጡሩምባህን አንሳ» አለችው።

«ደሞ ማንን ገደሉ እትዬ?»

ይገባታል፤ ዋጥ አደረገችው። «ማንንም። ተነስ፣ ንፋ። የሚለፈፈውን እኔ እለፍፋለሁ።»

«ሙት የሚያስነሳ ጡሩምባ የለኝም እኮ።»

«ወንድዬ፣ በእግዜር። ልጅቷ የምር ሞቻለሁ ብላ መድኃኒቷን እንቢ ብላለች።»

ወንድዬ አያት። ከዚያ ተነስቶ ጡሩምባውን አመጣ።

ጠዋት በዞሩበት መንገድ ሁሉ ዞሩ። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው «አሁንስ ማን?» እያለ ከየበሩ ወጣ። እትዬ ዋጋነሽም ቆማ ጮኸች፦ «ዕድርተኛ ስማ! የአቶ ኃይለመስቀል ልጅ ፀሎት አለች! ሞታለች ብዬ ያስነገርኩት እኔ ዋጋነሽ ነኝ! ሳልጠይቅ፣ ሳላይ፣ በሐሰት ያወራሁት እኔ ነኝ!» መጀመሪያው ቅያስ ላይ ድምፅዋ አልወጣ ብሏት ወንድዬ «አልተሰማም» አላት፤ ደገመችው። አንዱ ከሱቅ በር ላይ «ዕድሩ ደግሞ ትንሣኤ ጀመረ እንዴ!» አለ፤ የሳቀ ሳቀ። ልጆች ተከተሏት። ማዞሪያው ጋ ስትደርስ የታክሲ ተሳፋሪዎች ሁሉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩዋት። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ መንገድ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለቅሶ እየመራች ነው የሄደችው። ዛሬ ከመሬት ቀና አላለችም። ግን አንድም በር አልዘለለችም።

የመጨረሻው እነ ማኑሄ በር ነበር። ወንድዬ ጡሩምባውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁን ያዘችው። «እዚህ አትንፋ፤ ትፈራለች።» ከዚያ ራሷ፣ ያለ ጡሩምባ፣ ከመስኮቱ ስር ቆማ፦

«ፀሎቴ! እማማ ዋጌ ነኝ። አልሞትሽም! ጠዋት ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ተሳስቻለሁ። እኔም እሳሳታለሁ! ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ተናግሬያለሁ፤ እንደውም ማንንም ጠይቂ!»

መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወንድዬ ጡሩምባውን ብብቱ ስር አድርጎ ሄደ። እትዬ ዋጋነሽ ብቻዋን ቀረች። እጇን አነሳች፤ በዚህ ጊዜ አልመለሰችውም። አንኳኳች።

የከፈተችው ማኑሄ ናት። ፊቷ አልተፈታም። ቢሆንም የውሃ ማስታጠቢያና ሳሙና ይዛ ነው የወጣችው። «እጅዎን ይታጠቡ» አለቻት። «ጉንፋን የለብዎትም?»

«የለብኝም።»

«የሚተላለፈውስ ከሷ አይደለም፤ ከኛ ወደ ሷ ነው። ጉንፋናችን ነው እሷን የሚጥላት። ይህንን ነበር ያቺ ሴት ለዕድሩ እንድትነግርልኝ የፈለግኩት።»

እትዬ ዋጋነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን ታጠበች። ከቀብር ስትመለስ ስንቴ እንዲህ ታጥባለች! ወደ ሰው ቤት ልትገባ ብላ ስትታጠብ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ሳሙናውን መልሳ ስታስቀምጥ «የወሩ መጨረሻ እሑድ ስብሰባ አለን» አለች ወደ መሬት እያየች። «ሴትየዋ ትምጣልን። እኔ ነኝ የምጠራት።»

«ስብሰባው መጀመሪያ ላይ ይሁን እንግዲህ» አለች ማኑሄ። «መጨረሻ ላይ ከሆነ ሰው ወጥቶ ያልቃል።»

ፀሎት ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። እትዬ ዋጋነሽን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። አልተነሳችም፤ አላቀፈቻትም።

«ኩባያዬ አለች?» አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን «አለች የኔ እናት» ብላ ማዞሪያው ላይ መሳይዋን ትገዛ ነበር። ዛሬ ግን ውሸት አንገፍግፏታል። «የለችም። ጣልኳት።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምንን?»

እትዬ ዋጋነሽ ማኑሄን አየቻት፤ ማኑሄ አልረዳቻትም። «አንቺን» አለች።

ልጅቷ ቅንድብ የሌለውን ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አሰበች። «እኔን?» አለች ገርሟት። «እኔ እኮ ትንሽ ነኝ።»

እትዬ ዋጋነሽ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ደረት አልደቃችም፣ ድምፅም አላሰማች። ማኑሄ ወደ ማድቤት ገብታ የሆነ ዕቃ ስታንኳኳ ቆየች። ከዚያ ልጅቷ ከሶፋው ጠርዝ ዝቅ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«እሺ፣ የእውነት አልሞትኩም?»

«የእውነት።»

«ሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? መርፌው ላይ?»

እዚያ ሐኪም ቤት ስንት የታመመ ልጅ እንዳለ አሰበች፤ የድሮው ፍርሃት ብቅ አለ። «እሄዳለሁ።»

«ጥቁሩን ግን እንዳትለብሺ።»

ያን ማታ እትዬ ዋጋነሽ ሳጥኗን ከፍታ እስከ ታች አገላበጠች። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ደግሞ ጥቁር። ከባሏ በፊት የነበረው ሁሉ ወይ ተሰጥቷል ወይ ብል በልቶታል። ብዙ ሳይመሽ ብርቱካን ቤት ሄዳ «ቀሚስ አውሺኝ፤ ቀለም ያለው» አለቻት።

«ሰርግ ተጠራሽ እንዴ?» አለች ብርቱካን።

«የታመመ ልጠይቅ ነው» አለች፤ ይህችን መናገር ከጡሩምባው ለፈፋ ይልቅ ከበዳት። ብርቱካን ገብታ አበባ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ አመጣች፤ ቆይታ ደግሞ «እኔም ሌላ ቀን አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

ሰኞ በጠዋት ማዞሪያው ላይ አራት ሆነው ቆሙ፤ ማኑሄ በተላጨ ራሷ፣ ኃይለመስቀል ፔርሙዝና ብርድ ልብስ ይዞ፣ ፀሎት አፏንና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና፣ እትዬ ዋጋነሽ ደግሞ ብብቷ ላይ በጠበበ ቢጫ ቀሚስ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ቀሚሱን ወደ ታች ትስባለች፤ አይደርስም። ታክሲው መጣ። ረዳቱ ስንት ዓመት ለቀብር ያመላለሳት ልጅ ነው፤ ገና ከሩቅ እንዳያት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ልማዱ ጮኸ፦

«ጄኔራል! ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

እትዬ ዋጋነሽ አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው አንዲት ትንሽ እጅ እጇ ውስጥ የገባችው። ፀሎት ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገች፤ እናቷ ልትከለክላት ስትል ቀደመቻት።

«ማንም አልሞተም!» አለችው፣ ማዞሪያው ሁሉ እስኪሰማ። «እማማ ዋጌ እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣችው።»